ድንጋይ የሚልሰው ተሳፋሪ

አውሮፕላኑ ገና ደመናውን ሳያልፍ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ጎልማሳ ከኮቱ ኪስ እንቁላል የምታህል ድንጋይ አውጥቶ ላሳት። ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት እናት ከጎኑ ሆነው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ሱፉ አዲስ ነው፤ ጫማው ግን የስንት ተራራ አቧራ ጠግቧል። ድንጋይዋን ወደ ብርሃኑ ያዞራታል፣ ለብቻው ፈገግ ይላል፣ ደግሞ ይልሳታል።

“ልጄ፣ ራበህ እንዴ?”

“ኧረ እማማ፣ የሥራ አመል ሆኖብኝ ነው። ስትረጥብ ቀለሟ ጎልቶ ይታያል።” ደስታው አላስቀምጥ ብሎት በእግሩ ወለሉን ይደልቃል። “የባትሪ ማዕድን ናት። ያለ እሷ የአገራችን ፋብሪካዎች ሊዘጉ ነበር። ሌሎች አገሮች ለድርድር ሚኒስትር ልከው በሳምንቱ ይመልሱታል፤ እኔ ግን መንግሥት ልኮኝ ማዕድኑ ባለበት መንደር ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ የማዕድኑን ማጣሪያ ፋብሪካ በእናንተው አገር እንሥራ አልናቸው። ዛሬ ጠዋት የሃያ ዓመት ውል ፈረሙልን።”

“ስድስት ዓመት? ሚስትህስ ምን አለች?”

“ገና እጮኛዬ ናት። ሠርጉን ሦስቴ አራዝሜባታለሁ። ዛሬ ግን ኤርፖርት እጠብቅሃለሁ ብላለች።” እግሩ ድለቃውን አቆመ። “አገር ሙሉ ፈረመልኝ፤ እሷን እንጃ።”

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ፀጉሩን አበጠረ፣ ክራቫቱን አጠበቀ፣ ከዚያ ጭንቀቱ ሲብስበት ድንጋይዋን ወደ አፉ አስጠጋ። እናት ከእጁ መንጭቀው ወሰዱበትና መሐረባቸውን አቀበሉት።

“አፍህን ጥረግ። ድንጋይ የላሰ አፍ ማን ይስማል?”