የቀላው ቀበሌ

ካርታው ዛሬም በአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እሱ ነው በአራት ሚስማር የመታው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ዝናብ አንዱን ጥግ አሳብጦታል እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ሄጄ ራሴ ነኝ ያሳተምኩት።

ያኔ በወረዳችን ግብርና ቢሮ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ነበር። የልማት ሠራተኞች ከየቀበሌው የሚያመጡትን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ፤ ስንት እግር ቡና ታየ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ደረቀ። ቡናውን የሚያደርቀው በሽታ ከአፈር ይነሣል። መጀመሪያ በአንድ ጎን ያለውን ቅጠል ያጠወልጋል፣ ከዚያ ዛፉን እንደቆመ ያደርቀዋል። መድኃኒት የለውም። ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ብቻ ነው።

ቁጥር መጻፍ ሲሰለቸኝ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ አር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለመድኩ። ሠንጠረዡን ከቀበሌዎቹ ወሰን ጋር አገናኝቼ ካርታ አወጣሁ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው ሰማያዊ ነበር፤ በሽታው የበዛበት ቀበሌ ፈዝዞ፣ የሌለበት ጠቁሮ ወጣ። እሱን ላስተካክል ብዬ ጀመርኩና መተው አቃተኝ። ግራጫውን ጀርባ አነሣሁ፣ የወሰኑን መስመር አቀጠንኩ። ግጥም ስጽፍ አንድ ስንኝ ይዤ ሦስት ቀን የምቆይ ሰው ነኝ፤ ቀለም ላይም እንደዚያው ሆንኩ። ኮዱ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለም የሚጻፈው በስድስት ፊደልና ቁጥር ነው። አንዷን ስነካት በቴፒ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር በሙሉ መልኩን ይቀይራል። በመጨረሻ ጤነኛውን አረንጓዴ፣ መካከለኛውን ቢጫ፣ የታመመውን ቀይ አደረግኩ። የትራፊክ መብራት አይቶ ለማያውቅ ገበሬ የትራፊክ መብራት ቀለም መረጥኩለት።

ያስቸገረኝ የቀለሞቹ መግለጫ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ካርታው ላይ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣ ነበር። የአማርኛ ፊደል ያለው ፎንት መጫን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው፣ የቢሮው ኃላፊ ደግሞ ካርታውን ለገበሬዎች ስብሰባ ይፈልገዋል። ሳጥኖቹ የደከምኩበትን ሥራ መልክ አበላሹብኝ። መግለጫውን በአንድ መስመር ኮድ አጠፋሁት። ስብሰባው ላይ በቃል ይነገራል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሲጠፋ ካርታው አማረ።

አባቴ በስብሰባው ቀን ጉልበቱን አሞት ቀረ። እኔም አንዱን ቅጂ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። የእኛ ቀበሌ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት፣ አረንጓዴ ነው። ቀዩስ የማነው አለኝ። ከወንዙ ማዶ፣ የአክስቴ ቀበሌ እንደሆነ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀጭኖቹን መስመሮች እንዴት እንዳወጣኋቸው ሳወራለት አመሸሁ። የቀለሞቹን ትርጉም እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

የእኛ ቡና እናቴ እኔ በተወለድኩበት ዓመት የተከለችው ነው። እሷ ካረፈች በኋላ አባቴ አንዱንም ዛፍ ሳይነቅል፣ በእርጅና የወደቁትን ቦታ ብቻ በችግኝ እየሞላ ያቆየው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከክረምቱ በኋላ ቤት ስሄድ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቡናው ወሰደኝ። የአንዱ ዛፍ የግራ ጎን ጠውልጓል። ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። በዛፎቹ መሀል የቆሙት ችግኞች ቀድመው ደርቀዋል። ከየት እንዳመጣቸው ጠየቅኩት። ከአክስቴ ቡና ሥር ገና ለምለም የነበሩትን ከነአፈራቸው ቆፍሮ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ ወንዝ ተሻግሮ ነው ያመጣቸው።

«ለምን ከዚያ?» አልኩት።

ነገሩ ገርሞት አየኝ። «ቀይ ያደረግሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? የነሱ ደርሶ፣ የእኛ ገና ጥሬ ሆኖ?»

ዕድሜውን ሙሉ አረንጓዴውን ፍሬ ሲተው ቀዩን ሲለቅም ለኖረ ሰው ቀይ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ ራሴ በልጅነቴ ስንት ቅርጫት ቀይ ለቅሜያለሁ። አረንጓዴ ቀላቅዬ ስገኝ እናቴ እጄን መታ እያደረገች ነው ያስተማረችኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ይህ ሁሉ ከጣቶቼ ጠፋ።

ቀይ ማለት ምን እንደነበረ እዚያው ነገርኩት። መግለጫ ለምን እንደሌለውም፣ ፊደሎቹ ሳጥን እየሆኑ እንዳስቸገሩኝም ነገርኩት። ከችግኞቹ አንዱን በሁለት ጣቱ ነቀለው። ምንም አልያዘውም፤ ወዲያው ወጣ። ሥሩን አገላብጦ አየና ቀስ ብሎ፣

«ሳጥኑን ብትተዪው እኮ ምንድነው ብዬ እጠይቅሽ ነበር» አለኝ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የታመሙትን ነቅለን ባሉበት አቃጠልን። እርጥብ ግንድ በቀላሉ አይነድም፤ ቀናት ፈጀ። በሽታው ግን ቀድሞን ሄዶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከእናቴ ቡና የቀረው በእንሰቱ በኩል ያለው ጥቂት ብቻ ሆነ።

ቢሮ አዲስ ካርታ ሲታዘዝ ፎንቱን ጫንኩ። የታመመውን በደረቀ ቅጠል ቀለም፣ ጥቁር ቡናማ አደረግኩት። መግለጫውንም በትልልቅ አማርኛ ጻፍኩ። የቀበሌያችንን ቁጥር ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ኮዱን ሳስኬደው ቤታችን ያለበት ቦታ ጠቆረ።

አንዱን ቅጂ ለአባቴ ወሰድኩለት። በጣቱ እየተከተለ፣ ፊደል በፊደል፣ መግለጫውን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ጣቱን ወደ ቀበሌያችን ወሰደና እዚያ ላይ ትንሽ አቆየው። በደንብ እንደገባው ነገረኝ። አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

አሮጌውን ላውርደው ብዬ ወደ ግድግዳው ስጠጋ ክንዴን ያዘኝ።

«እሱ ይቆይ፣ ልጄ» አለ። «እዚያ ላይ ገና አረንጓዴ ነን።»