ጠጋ በል፣ ሰው ይቀመጥ

አያቴ ቡሬ ገጠር፣ ደጃችን ባለው የጭቃ መደብ ላይ ሲቀመጡ ሁልጊዜ ከጎናቸው ቦታ ይተዉ ነበር። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ስቀመጥ "ጠጋ በል፣ ሰው ይቀመጥ" ይሉኛል።

"አባባ፣ ማንም የለ እኮ!"

"አንተ ስላላየኸው ቆሞ ይቅር?" ብለው ይስቁብኛል።

የታመሙ ጊዜ ጎረቤቶቻችን እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ተሸክመዋቸው፣ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ድረስ አብረውን መጡ። መቀመጫ ስላልነበረ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሙ። አያቴ አልጋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው "ጠጋ በል፣ ሰው ይቀመጥ" አሉኝ። ተጠጋሁ። ባዶውን ቦታ አይተው "ደከመህ?" አሉት። በዚያው ቀን ዐረፉ።

ዘንድሮ አርክቴክቸር መማር ጀመርሁ። ለበረሃ አገር ጤና ጣቢያ ንደፉ ስንባል፣ በሽተኛ ያመጡ ጎረቤቶች እንዲያርፉበት በጥላው በኩል ረጅም መደብ አደረግሁ፤ የተቀመጡ ሰዎችም ሣልሁበት።

መምህሬ ንድፉን አይተው "ጥሩ ነው። ግን ሰዎቹ ለምን ወደ አንድ ጫፍ ተጣበቡ?" አሉኝ። እንደዚያ መሣሌን እኔም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"እዚህ ባዶው ላይ አንድ ሰው ጨምርበት" አሉኝ።

መምህሬ ያዘዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ግን እርሳሴን ማሳረፍ አልቻልሁም። ተይዟል።