ሁለት መሐላ በአንድ ውሻ

ኢንሺራሕን ባሏ ሁለት ጊዜ ፈትቷታል። ሁለቱንም ጊዜ ሊፈታት አስቦ አይደለም፤ አፉ አምልጦት ነው። የካይሮዋ ኢምባባ ሰፈር ወንዶች እንዲህ ናቸው። ነገራቸውን ሰው እንዲያምናቸው ሲፈልጉ «ሚስቴ ትፈታ» ብለው ይምላሉ። ቲማቲም ሲከራከሩ ይምላሉ፤ ኳስ ሲያዩ ይምላሉ። ሴቲቱ ቤቷ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ትዳሯ ሻይ ቤት ውስጥ መያዣ ሆኖ ይውላል።

የመጀመሪያው መሐላ ልጃቸው ኢማድ ገና ጡት ሳይጥል ነው። የኢንሺራሕ እናት ታንታ ከተማ ላይ ሞት አፋፍ ደርሰው ነበር። ባሏ ፈርጋሊ በማይረባ ነገር ተቆጥቶ «ዛሬ ይህን ደፍ ካለፍሽ የተፈታሽ ሁኚ» አላት። አለፈች። እናቷን ቀብራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ተቀበላት። ሁለተኛውን ለማውራት እንኳ ያሳፍራል። ከላይኛው ግብፅ የመጣ ዘመድ ባቡር እንዳያመልጠው ሊነሣ ሲል፣ ፈርጋሊ በደግነቱ ብዛት «ይህን ዳክዬ ሳትበላ ከወጣህ ሚስቴ ትፈታ» ብሎ ማለ። ሰውየው ቀልድ መስሎት ስቆ ወጣ። ኢንሺራሕ በዳክዬ ተፈታች።

የሰፈሩ ሼኽ፣ ሼኽ መብሩክ፣ ያን ጊዜም መልሶ እንዲወስዳት ፈቀዱለትና ጣታቸውን ቀሰሩበት። «ፈርጋሊ፣ እንግዲህ የቀረችህ አንዲት ናት። ሦስተኛዋ ከአፍህ ከወጣች ይቺ ሴት እርም ትሆንብሃለች። ምላስህን ሰብስብ።» እውነቱን ለመናገር ሰበሰበ። ዓመታት ሰበሰበ። ኢንሺራሕ ግን ከዚያ ወዲህ ባሏ በተቆጣ ቁጥር ዓይኗን ከአፉ አትነቅልም፤ ወተት ጥዳ ሊገነፍል ነው ብላ እንደምትጠብቅ ሴት። የሰው ትዳር እንዲህ ነው እንዴ? የእሷ እንዲህ ነበር።

ከዚያ ውሻው መጣ።

ውሻው የሚድሐት ነው። ሚድሐት ሕንፃውን ከአባቱ የወረሰ ወጣት ነው፤ ከሚስቱ ከራውያ ጋር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይኖራል። ጣራው ላይ ከእንጨት የተሠራ ረጅም የእርግብ ቤት አለው፤ አመሻሽ ላይ ወጥቶ እያፏጨ እርግቦቹን ያበርራል። አንድ ቀን ሌቦች ከጎረቤት ጣራ ተሻግረው ምርጥ ምርጦቹን ለቀሙበት። በማግስቱ ከገበያ ቡችላ አመጣና በእርግብ ቤቱ እግር ላይ አሰረው። ባሩድ ብሎ ስም አወጣለት። ገመዱ ክንድ ከግማሽ ቢሆን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሩድ መሬት ረግጦ አያውቅም። እርግቦቹ ሲያስነጥሳቸው ሚድሐት መድኃኒት ፍለጋ ካይሮን ያስሳል፤ ለውሻው የደረቀ ዳቦ ትዝ ሲለው ይወረውርለታል፤ ካልታወሰውም የለም።

ኢንሺራሕና ፈርጋሊ የሚኖሩት ከጣራው ሥር ባለው የመጨረሻ ፎቅ ነው። ፈርጋሊ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሰው ሲተኛ ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ ሰው ሲነሣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ ይገባል። እንቅልፉ በቀን ነው። ባሩድም የሚጮኸው በቀን ነው። ፀሐይዋ ከረር ስትል ይጀምራል፤ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ድምፅ፣ ከአልጋቸው ልክ በላይ። ፈርጋሊ ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭናል፤ ወዲያ ይገላበጣል፤ ወዲህ ይገላበጣል፤ በመጨረሻ ተነሥቶ ቁጭ ይላል። በዚያ ሰሞን ምድጃው አፍ ላይ ሸለብ አድርጎት ክንዱ ተጠበሰ። የዳቦ ቤቱ ጌታ «ዳግመኛ እንቅልፍ ይዘህብኝ ከመጣህ እዚያው ቤትህ ተኛ» አለው። በዚህ ዕድሜው ሌላ ዳቦ ቤት ማን ይቀጥረዋል?

ለሚድሐት ነገሩት። «እሺ፣ አሠለጥነዋለሁ» አለ። ደግመው ነገሩት። «እሺ» አለ። እሺታው ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር።

ኢንሺራሕ አንድ ቀን ባሏ ሲገላበጥ ማየት አንገፈገፋትና ራሷ ጣራ ወጣች። ውሻውን ልትገስጸው ነበር የወጣችው፤ እንዲያው በንዴት። ያየችው ግን ሌላ ነው። ገመዱ በእርግብ ቤቱ እግር ላይ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ አንገቱ እንጨቱ ላይ ተጣብቋል። የውሃ ሳፋው ደርቋል። የጣራው ወለል በጫማ እንኳ ያቃጥላል፤ ውሻው አንዱን እግር ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ይውላል። ገመዱን ፈታታችለት፤ ውሃ አመጣች። ባሩድ እስኪበቃው ጠጣና በአፍንጫው ክንዷን ነካ አድርጎ ተኛ። ያን ቀን ፈርጋሊ እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት አንኮራፋ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወጣች። አሮጌ ብርድ ልብስ በእንጨት ወጥራ ጥላ ሠራችለት። ከምግባቸው ቀንሳ ትሰጠዋለች፤ ስትወርድ እጇን አጥባ ልብሷን ትቀይራለች፤ ፈርጋሊ ውሻ የነካው ቤት አይሰገድበትም ስለሚል አልነገረችውም። እሱም «ይህ ውሻ ልብ ገዛ መሰለኝ» እያለ ይገረማል። በሆዷ ትስቃለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ሚድሐት ብርድ ልብሱን አየ። ደረጃ ላይ ጠበቃት።

«የኢማድ እናት፣ ውሻዬን የምታባልጊው አንቺ ነሽ?»

«ውሃ አጠጣሁት፤ አላባለግሁትም።»

«የጠገበ ውሻ ይተኛል። የተኛ ውሻ ሌባ አይጠብቅም። ተወት አድርጊልኝ።»

«ልጄ፣ ስማኝማ። ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ሌባ አይቶ ነው? ተጠምቶ ነው። ገመዱን አስረዝምለት፤ ጥላና ውሃ አድርግለት፤ ጠዋትና ማታ ብቅ ብለህ አጫውተው። ያኔ ከጮኸ ሌባ መጣ ብለህ ትነሣለህ። አሁን ሌባ ቢመጣ በምን ታውቃለህ?»

«ውሻ ነው ወይስ ሙሽራ?» አለና ሳቀ። በዚያው ዕለት የጣራውን በር በጓጉንቸር ቁልፍ ዘጋው። ብርድ ልብሱንም ወደ መንገድ ወረወረው።

ጩኸቱ ተመለሰ፤ ከበፊቱ ብሶ። ለካ የለመደውን ውሃ የተነፈገ ጉሮሮ እንደዚያ ይጮሃል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፈርጋሊ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ወደ ሻይ ቤቱ ወረደ። ኢንሺራሕ እዚያ አልነበረችም፤ ግን ወሬው እሱ ደረጃውን ሳይጨርስ ቀድሞት ቤቷ ገባ፤ ያመጣችው ራውያ ራሷ ነበረች፤ እርጉዝ ሆዷን ይዛ።

ሚድሐት ዶሚኖ እየተጫወተ ነበር አሉ። ፈርጋሊ ከራሱ ላይ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ውሻ አውርደው።»

«አጎቴ ፈርጋሊ፣ ጆሮህን በጥጥ ድፈነዋ።»

«ሥራዬን ላጣ ነው እኮ።»

«ምነው፣ እዚያው ዳቦ ቤት ተኛ። ባለፈው ተኝተህ ነበር አሉ፤ ለዚያውም እሳት እየሞቅህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የተቃጠለ ክንዱን ሁሉም ያየዋል። ይህን ጊዜ ነው ፈርጋሊን አፉ ያመለጠው። «ዓርብ ጁምዓ ሳይሰገድ ያ ውሻ ከጣራው ላይ ካልጠፋ፣ ኢንሺራሕ በሦስተኛው ትፈታ።» ሳቁ ቆመ። አንድ አስተዋይ ቢኖር ነገሩ እዚያው በቆመ ነበር። ሚድሐት ግን ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሲያርፍ ወንድነቱ ተነሣበት። «ባሩድን ከዚያ ጣራ ያወረድሁ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው ሲያወርደው ዝም ያልሁ እንደሆነ፣ ራውያ ትፈታ።»

እንግዲህ ጉድ በሉ። ውሻው ከቀረ አንዷ ትፈታለች፤ ከወረደ ሌላዋ።

ፈርጋሊ ሲገባ ኢንሺራሕ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አፌ ነው...» አለ።

«ዳክዬው አልበቃህም?»

አንገቱን ደፋ። እሷም በዚያ ሰዓት እንኳ የምታስበው መውጫውን ነበር። «ፈርጋሊ፣ የሚጮኸው ተጠምቶ ነው። ውሃ ሳጠጣው የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው ዝም ያለልህ። ሚድሐት በሩን ይክፈትልኝ፤ ውሃ ልስጠው፤ አንተም ትተኛለህ፤ ከዚያ ሁለታችሁም መሐላችሁን በሼኹ ፊት አንሡ።»

«አሁን እኮ ነገሩ የውሃ አይደለም» አለ ፈርጋሊ።

እውነቱን ነው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌዎች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። ሼኽ መብሩክም መጡ። በእሷ ክፍል፣ በእሷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ ያፈላችውን ሻይ እየጠጡ፣ ተፈታች ወይስ አልተፈታችም ብለው ተከራከሩ። ስኳሩ እንዴት ነው ብላ ስትጠይቅ ብቻ ቀና ብለው ያዩአታል። ሚድሐት የጣራውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ በሩን ከከፈተ የፈርጋሊ ወገኖች ውሻውን ነጥቀው እንዳያወርዱበት ፈርቶ ጣራ መውጣቱን ተወ። እርግቦቹ እንደሆነ የሚበቃቸው እህልና ውሃ ሞልቶላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ራውያን ለመነቻት። «ቁልፉን ሲተኛ ውሰጂልኝ። ውሃ ብቻ ሰጥቼ እዘጋለሁ።»

«ውሻው ቢያመልጥሽስ፣ እናቴ? ይህን ሆድ ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?»

ኢንሺራሕ የልጅቷን ሆድ አየች።

የነሐስ ዘነዘናዋን ይዛ ወጣችና ጓጉንቸሩን ትቀጠቅጥ ጀመር። ጎረቤቶች ሮጠው ደርሰው ከእጇ ነጠቋት። አንዷ «የራስሽን ቤት ለማዳን የዚችን እርጉዝ ቤት ታፈርሻለሽ?» አለቻት። ውሃ ነው፣ ውሃ ብቻ ነው ብትል ማን ይመናት። በበሩ ሥንጥቅ ውሃ ለማፍሰስ ሞከረች፤ ውሃው ደፉ ላይ ቀረ። ከበሩ ወዲያ ባሩድ ድምፅዋን ሰምቶ አለቀሰ። ጮኸ አላልኩም፤ አለቀሰ ነው ያልኩት።

ዓርብ ጠዋት ጩኸቱ ወደ ሳል ተለወጠ። ቀትር ላይ አዛን ከመባሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ጸጥ አለ። ሕንፃው ሙሉ ጆሮውን አቆመ፤ ከዚያ እየተጋፋ ደረጃውን ወጣ። ሚድሐት ከፈተ። ባሩድ ከእርግብ ቤቱ እግር ጋር ተጠምጥሞ ሞቷል፤ ሳፋው ተገልብጧል። እርግቦቹ ከላዩ ጉርር ይላሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ሼኹ ዞረ። ሼኽ መብሩክ ጎንበስ ብለው ውሻውን አዩ። በኋላ፣ ደስ ሳይላቸው፣ «እዚህ ጣራ ላይ ውሻ የለም፤ ይህ ጥንብ ነው። ያወረደውም ሰው የለም። የሁለታችሁም ሚስቶች ሚስቶቻችሁ ናቸው» አሉ።

ፈርጋሊ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተንበረከከ። እንባው በጉንጩ ወረደ። ተነሥቶ ሚድሐትን አቀፈው፤ ሚድሐትም የፈርጋሊን ግንባር ሳመ፤ «አጎቴ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ከታች አንዲት ሴት እልል አለች። አንዱ የደስታ መጠጥ፣ ሸርበት ይምጣ አለ። ታረቁ፤ እንዲህ በቀላሉ።

ኢንሺራሕ ባሏ ፈጣሪን ሲያመሰግን አየችው። ከልቡ ነበር። እንዳታመልጠው ያን ያህል ፈርቶ ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች። ግን የሚያመሰግንበትን ነገር ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ቤቷ ወርዳ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋ ይዛ ተመለሰች፤ ገመዱን ከውሻው አንገት ፈታች፤ ጠቅልላ ታቀፈችው። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

«ተይ እንጂ ኢንሺራሕ፣ ያን ርኩስ!» አለ ፈርጋሊ። «ቆሻሻ ለቃሚዎቹ ያንሡት። ወዴት ነው?»

«ልቀብረው።»

«እሺ፣ ከዚያ ቶሎ ነይ። ምሳ ሳንበላ።» ድምፁ ለስለስ አለ። «ሼኹ ያሉትን አልሰማሽም እንዴ? አልተፈታሽም እኮ።»

ኢንሺራሕ ደረጃው አፍ ላይ ቆመች።

«ሼኹን ጠየቅህ። ሻይ ቤቱን ሙሉ ጠየቅህ። እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ እኔ የተፈታሁት ረቡዕ ነው።»

ወረደች። የቤቷ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ አልፋው ሄደች።