የጥጥ ጺም
ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለው ሱቄ የተቀደደ ካርቶን ልለጥፍ ሙጫ ብከፍት፣ ሽታው ሰባት ዓመቴ ላይ ጣለኝ።

በቀበሌው የኪነት ቡድን የጥጥ ጺም እየተለጠፈልኝ ሽማግሌ ሆኜ አስቅ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ወደ ጦር ግንባር ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተኝ መጣ። ፊት ወንበር ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው፣ «የኔ ልጅ መቼ ነው የሚወጣው?» ሲለው ከመድረክ ሰማሁት።

ትርዒት አይቋረጥም ተብያለሁና ጎብጬ ቀጠልኩ። ጺሙን ከነቆዳዬ ልጬ ስወጣ አባቴን የጫነው የዘማቾች መኪና ሄዷል።

«አባትህን አሳቅኸው አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትሰጠዋለህ!» አሉኝ አለቃችን ጋሽ መኩሪያ። ዛሬም የንግግራቸው ግማሹ አልገባኝም።

አሁን ነጩ ጺም የራሴ ነው፤ ሙጫ አይፈልግም። ደንበኛ በቀልዴ ሲስቅ ግን፣ «እኔ ነኝ እኮ» ልለው ይቃጣኛል።