ጥቁሩ ግድግዳ

እጄ ፈጣን ነው፤ አፌም እንደዚያው። ፍራንክፈርት ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ቤት ቀለም ስቀባ ኖሬ በሙያዬ ያፈርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሥራው ምንም እንከን አልነበረውም።

የኛ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ኅብረት እሑድ እሑድ የሚሰበሰበው ከጀርመን ሜቶዲስቶች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ነበር። እነሱ ጠዋት፣ እኛ ከሰዓት በኋላ። ቁልፉን የሚያስረክቡኝ አንዲት ጀርመናዊት አዛውንት ነበሩ። ከእኚህ ሴትዮ ጋር ዘጠኝ ዓመት ያወራነው ስለ ማሞቂያውና ስለ ቆሻሻ አለያየት ብቻ ነው። ማሞቂያውን አጥፉ፣ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ ለዩ ይሉኛል፤ እሺ ብዬ ቁልፉን እቀበላለሁ። አንድም ቀን ይህን ቤት ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ተለስኖ ነጭ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ እርቃኑን የቀረ ጡብ ነው፤ ጥቀርሻ የጠገበ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ። የእግዚአብሔር ቤት እንዴት ማድ ቤት ይመስላል እያልኩ እበሽቃለሁ። ጀርመኖቹ አርጅተዋል፣ ቁጥራቸውም ከዓመት ዓመት ይመናመናል። አቅም አጥተው ነው ብዬ ደመደምኩ።

በእኛ አገር ዓውደ ዓመት ሲደርስ ቤት ይታደሳል። የነሱ ፋሲካ ሲቃረብ ለሽማግሌዎቻችን፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ላስጠጉን ሰዎች ውለታ እንመልስ። ግድግዳውን እኔ በስጦታ ልቀባላቸው" አልኩ።

"መጀመሪያ ብንጠይቃቸውስ? ቴርሚን ይዘን..." አለ አንዱ፤ በጀርመንኛው ቀጠሮ ማለቱ ነው።

"ለስጦታም ቴርሚን ይያዛል እንዴ!" አልኩና አፉን አስዘጋሁት። ሁሉም ሳቀ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

የፋሲካ ዋዜማ ለጽዳት ብዬ በተቀበልኩት ቁልፍ ገብቼ ከማለዳ ጀምሬ ሠራሁት። ጥቀርሻ በነጭ ቀለም ላይ እየሰረገ ስለሚወጣ መጀመሪያ ማገጃ ቀለም አጠጣሁት፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ነጭ። ስጨርስ ቤቱ በራ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ዘመርኩ።

በማግሥቱ ፊታቸውን ለማየት ጓጉቼ ጠዋት ሄድኩ። አዛውንቷ ቀድመው ገብተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ግድግዳው ፊት ቆመዋል።

"ወደዱት?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ፣ "ጥሩ ሥራ ነው" አሉኝና ሄደው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የዘወትር ቦታቸው ከፊት እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው።

ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ስለጨነቀኝ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ሲሰጡኝ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ጉባኤያቸው የተጀመረው ከአንድ አናጢ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሌላው ክርስቲያን እንደ መጤ ያያቸው ነበር። እንደ ምንም ትንሽ ጸሎት ቤት ሠሩ፤ በጦርነቱ ቦምብ አቃጠለው። እሳቸው ያኔ የእቅፍ ልጅ ናቸው። ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባታቸውና ጥቂት ምእመናን የተቃጠለውን ጡብ ከፍርስራሹ ለቀሙ። ሴቶቹ የተጣበቀበትን ስሚንቶ በመዶሻ አራገፉ፣ ሕፃናቱ ተሸከሙ፣ ይህ ቤት ቆመ። ያን አንድ ግድግዳ ሲገነቡ የጡቡን ጥቁር ፊት ሆን ብለው ወደ ውስጥ አዞሩት።

"አይሁድ ጎረቤቶቻችን ሲወሰዱ ዝም ብለን ነበር" አሉኝ። "አባቴ እዚህ የሚጸልይ ሁሉ እያየ ያስታውስ ይል ነበር። እኔ የተሸከምኳቸውን ለይቼ አውቃቸው ነበር፤ ታች ያሉት ናቸው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "እመልሰዋለሁ" አልኩ።

"ተወው" አሉ።

ተውኩት፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ግድግዳ ፊት ቀና ብዬ ዘምሬ አላውቅም። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ቤቱ መሸጡ ተነገረን። ጀርመኖቹ አሥራ አንድ ቀርተው ስለነበር ከሌላ ጉባኤ ጋር ሊቀላቀሉ ነው፤ ቤቱ ይፈርስና መኖሪያ ይሠራበታል። ለእኛ ኒድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጎማ መጋዘን በላይ አዳራሽ ተገኘልን። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሴትዮዋ ያን ጥቁር ዳግም ሳያዩት መቅረታቸው ነው። አንድ ጡብ እንኳ እንደ ነበረ አድርጌ በእጃቸው ላስረክብ ቆረጥኩ።

በመጨረሻው እሑድ የእርስዎ የትኛው ነው አልኳቸው። በጣታቸው ከታች አሳዩኝ። ተንበርክኬ የቀለም ማስለቀቂያውን ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ በስሱ ፋቅሁ። ነጩ ለቀቀ። ማገጃውም ለቀቀ፤ ጥቀርሻውን ይዞት። አሳምሬ ስላጠጣሁት አንድ ላይ ተጣብቀው ነበር። ከሥሩ የወጣው ትናንት የተጋገረ የሚመስል ቀይ ጡብ ነው።

አዛውንቷ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ቀይ ነበር ማለት ነው" አሉ። "ይህንን የሚያውቀው አባቴ ነበር። እኔ የማውቀው ጥቁሩን ነው።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩና መፋቂያዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ነጩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት። አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም፣ አልተላጠም።

"ጥሩ ቀቢ ነህ" አሉኝ።

ምፀት አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።