ባለማህተሙ የአባት ስም

አምና፣ እዚህ አሜሪካ፣ የታሪክ አስተማሪያችን እያንዳንዳችን የላስት ኔማችንን መነሻና ስርጭት አጥንተን ክፍል ውስጥ ፕረዘንት እንድናደርግ አዘዘችን። ሁለት የጽሑፍ ማስረጃ ግዴታ ነው። ያላመጣ ዜሮ።

ድረ ገጽ ሰጠችን፤ ስሜን አስገባሁ። «ውጤት አልተገኘም» አለኝ። ከየት ይገኛል? የኔ ላስት ኔም የአያቴ የራሳቸው ስም ነው። መነሻው ስማይርና ከተማ፣ እኛ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዜና ያያል። ስርጭቱ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ። ሦስታችንም የምንከፍተው አንድ ፍሪጅ ነው።

«አያቴ አሉ፣ ይጠየቁ» አልኳት።

«ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ወረቀት ነው» አለችና አዝናልኝ ከጎኔ የሚቀመጠውን ልጅ ስም እንዳጠና ሰጠችኝ። ሙለር።

ልጁ ደስታውን አልቻለውም። ከሞል የተገዛ፣ ጋሻና አንበሳ የተሳለበት ኩባያ አለው፤ የቤተሰቡ ዓርማ ነው አሉ። «እኛ እኮ ድሮ ባላባቶች ነበርን» ይላል፣ ኮኮዋውን እየጠጣ።

አጠናሁለት። ሙለር ማለት ወፍጮ ፈጪ ማለት ነው። ጀርመን አገር ከሁሉም የሚበዛው የአባት ስም እሱ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ወፍጮ ነበረዋ! ባለወፍጮ የተባለ ሁሉ ሙለር ሆነ፣ ዝምድና ኖረውም አልኖረው። አሜሪካ ሲገቡ ደግሞ ብዙዎቹ ሚለር ተባሉ።

«አንበሳውስ?» አለኝ ልጁ።

«ዱቄት ሲጠብቅ ነዋ።»

ቤት ገብቼ ለአያቴ፣ ለአባባ፣ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«የኔን ስም ትተሽ የባለወፍጮውን?»

«አባባ፣ አልተገኘም አለ።»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነው የሠሩት። ስንቱን ሰው መዝግበው የራሳቸው ስም ጠፋ ተባለ። እዚህ አገር ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራቸው ክሊኒክ ብቻ ነው፤ እሱም ይሰብረዋል። ያን ቀን ራት አልበሉም። የኔ ቀልድም እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ወረቀት አስቀረቡኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ ስሜን ይመለከታል።» ስሙ የእሳቸው መሆኑን፣ የልጅ ልጃቸውም የምትጠራበት መሆኑን ገልጸው «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት በትህትና እጠይቃለሁ» ብለው ፈረሙ። ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለርዕሰ መምህሩ»።

«አሁን ማህተም» አሉ።

«አባባ፣ ላይክ፣ እዚህ አገር ማህተም የሚባል ነገር የለም። ኢሜይል ነው የምናደርገው።»

«ማህተም የሌለው ደብዳቤ፣ ደብዳቤ ነው?»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ዋናውንም ግልባጩንም በክቡ ሐምራዊ ማህተም መታልን።

ሰኞ ሁለቱንም ስም ፕረዘንት አደረግኩ። ሙለርን ከነዱቄቱ አቀረብኩት፤ ክፍሉ ሳቀ። «እንደ ጀርመኖቹ በሥራ ቢሆን አያቴ መዝገብ ቤት፣ እኔም ሚስ መዝገብ ቤት ነበርኩ» አልኳቸው። ከዚያ የራሴን ስም ጮክ ብዬ፣ ሳልሰብር ጠራሁት።

«ማስረጃ?» አለች አስተማሪያችን።

ደብዳቤውንና ግልባጩን፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሜን አያይዤ፣ ሰጠኋት። ትርጉሙን ዞር ብላም አላየችው። አንዲት ፊደል የማታነበውን ወረቀት አገላብጣ ማህተሙን በጣቷ ዳሰሰች።

«ኦፊሻል ነው!» አለች። ግልባጩንም ሁለተኛ ማስረጃ አድርጋ ቆጠረችው። በሕይወት ያሉትን አያቴን ያላመነች ሴትዮ ሐምራዊ ቀለም አመነች።

ስንወጣ ልጁ ተከተለኝ። ኩባያውን አያትሽ ማህተም ያስመቱልኝ ይሆን ብሎ ሲለምነኝ የምሩን ነበር።

ለአባባ ነገርኳቸው። ሶፋው ላይ ተመቻችተው ተጋደሙና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ።

«በማመልከቻ ይጠይቅ» አሉ።