የኋላው ወንበር

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው አገር፣ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ራሴን ሳልነቀንቅለት የተሸጠ መኪና የለም። ሞተር ሲነሣ ጆሮዬን ጣል አድርጌ የመኪናውን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም ጠባይ እናገራለሁ። ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ነው፤ ቀጣዩን ካነበበ በኋላ የሚጠራኝ ከተገኘ ግን ይገርመኛል።

ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ የሚነግድ ወዳጅ አለኝ። እናቱ የሚኖሩት መስቃን ገጠሩ ውስጥ ነው። ስኳር እግራቸው ላይ ቁስል አውጥቶባቸዋል፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎም ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሕክምናቸውን የሚከታተሉት አታት ሆስፒታል ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ቁስሉን ረግጦባቸው፣ ከዚያ ወዲህ አልሄድም ብለው ቀጠሮ አሳለፉ። ሐኪሙ ለልጃቸው የነገረው አጭር ነበር፦ የሚቀጥለውም ካለፈ እግሩን ማትረፍ ላይቻል ይችላል።

«ፒካፕህስ?» አልኩት ወዳጄን ሲደውልልኝ።

«እናቴን እንደ በርበሬ ጆንያ አልጭናትም። እዚያው አንተ ጋ፣ ወልቂጤ፣ አንድ መኪና አይቻለሁ። እግሯን የኋላ ወንበር ላይ ዘርግታ ትሄድባታለች፣ ኢንሻላህ። አንተ ብቻ እያት።»

አየኋት። ጥቁር፣ ዝቅ ያለች፣ የጀርመን ሥሪት ናት። ከቅንጦት መኪኖች ቤተሰብ የመጨረሻዋ ልጅ፤ ለሀብታም ሳይሆን ሀብታም መምሰል ለጀመረ ሰው የተሠራች። ለገዢ ሁሉ የምመክረውን አደረግሁ። ሻጩ ቀድሞ አሙቋት እንዳይሆን ኮፈኑን በእጄ ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ዘይቷን በጣቶቼ መካከል አሸሁ። ከሻጩ ጎን፣ ከፊት፣ መስኮቱን እስከ ታች አውርጄ ተቀመጥኩና በጅማ መንገድ ወጣን። ስፖርት የሚለውን ቁልፍ ሲጫነው ከጎናችን የነበረው ባጃጅ ወደ ትናንትና የተመለሰ መሰለኝ። ሾክ አብዞርበሯ ደረቅ ነው፤ ሳንቲም ብትረግጥ በየትኛው ፊቷ እንደወደቀች ወንበሩ ይነግርሃል። ሆዷ ጉብታ ይነካል። ስኮርታ ጎማ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የላትም።

ስንመለስ ሻጩ የኋላውን በር ከፈተልኝ። «ከዚህም ሞክራት እንጂ።»

«የኋላ ወንበር ያው ወንበር ነው» አልኩትና በሩን ዘጋሁት።

ለወዳጄ ደወልኩ። ሆዷንና ስኮርታዋን ነገርኩት፤ ከዚህ ሌላ እንከን የላትም፣ ሙሽራ ናት አልኩት። ውሉ ተፈረመ።

እነሱ ቤት አዲስ የተገዛ ነገር እናት ቀድማ ካልያዘችው ወይም ካልገባችበት ዱዓ አይደረግበትም። በቀጠሮው ዋዜማ መኪናዋን ይዘን መንደር ገባን። ሽማግሌዎች በቤቶቹ ፊት በተዘረጋው ሰፊ ሣር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። እናት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። እኔ የኋላውን በር ራሴ ከፈትኩላቸው፤ ሲመርቁኝ የምመልሰውን ቀልድ ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

«ቢስሚላህ» ብለው ጎንበስ አሉ። ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ግንባራቸውን ነካቸው። በጀርባቸው ሞከሩ። ወንበሩ ሩቅ ታች ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ አልታጠፍ አለ። ልጃቸው አቅፎ ሊያስገባቸው ሲል የቆሰለው እግር ከበሩ ጠርዝ ጋር ተገናኘ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ለዱዓ የተዘረጋው መዳፍ ሁሉ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ይቺ ለመግባት እንደ ሶላት ጎንበስ፣ ሩኩዕ፣ ትፈልጋለች» አሉ ዓይናቸውን ሲገልጡ። «እኔ ለጌታዬም የምሰግደው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ፈገግ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ወዳጄ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንተ ነህ የመረጥካት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ከኋላ ተቀምጠህ አየሃት?»

«አልተቀመጥኩም» አልኩ።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ፒካፕህን አምጣት። ለበርበሬው የምትጠነቀቀውን ያህል ብትጠነቀቅልኝ ይበቃኛል። ይሄ ደግሞ ነገ በዚህችኛዋ ይከተለን። ከኋላ ተቀምጦ።» ከዚያ መዳፋቸውን ጣሪያዋ ላይ አድርገው፣ እንደቆሙ፣ ዱዓውን አስጀመሩ።

በማግሥቱ እናት የፒካፑ ጋቢና ውስጥ፣ እግራቸው ትራስ ላይ ተዘርግቶ፣ ሶላት ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ወዳጄ ከጋሪ ቀስ ብሎ ነዳ። እኛ ከኋላ ነን፤ የወዳጄ ወንድም መሪውን ይዟል፣ የወዳጄ ሚስት ምሳ ዕቃውን ታቅፋ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ ከኋላ። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ መውጣት ሲጀምር መነጋገር አቆምኩ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ሲባል መኪናዋ ደጋግማ ቆመች።

አታት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ብዙ አየ። «እንኳን ዛሬ መጣችሁ» አለ። ቁስሉን አጥቦ ጠቀለለው። ያ እግር እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ። ወዳጄ መኪናዋን ለሌላ ሰው ሸጣት፤ ያኔ አልተጠራሁም።

በዚያ ቀን እናት ከሕክምናው ክፍል ሲወጡ ደጅ ግንብ ተደግፌ አገኙኝ። ፊቴን አዩት።

«እንዴት ናት ታዲያ፣ ከኋላ?»

ነገርኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ መኪና ያስመልሰኛል። ከፊት ተቀምጬ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ሎሚ እያሸተትኩ ካልሆነ አልችልም። ለስንቱ ሰው መኪና ስመርጥ የአንዱም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ፌስታል አለ፤ አሁን ይህን ስጽፍም አለ።